በአንድ ዓመት ሁለት ክረምት

ሰው ዕድሜ ከሰጠው ብዙ ክረምት ያያል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ክረምት ማየት ግን ለማንም የተፈቀደ አይመስለኝም ነበር። አባቶቻችን ዘመንን ሲከፍሉ ለክረምት መግቢያና መውጫ ሠርተውለታል፤ ሰኔ 26 ቀን ይገባል፥ መስከረም 25 ቀን ይወጣል፤ በመካከሉም ዘርዕና ደመና፥ መብረቅና ነጎድጓድ፥ ዕጓለ ቋዓትና ደሰያት፥ ጎሐ ጽባሕ እየተባለ ለየክፍሉ ስምና ማዕርግ ወጥቶለታል። እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል በመዝገብ ቤት ያገለገልሁ ሰው እንደ መሆኔ፥ ገቢና ወጪው በቀን የተቈረጠ ነገር ሁሉ ደስ ያሰኘኛል፤ ስለዚህም በ2016 ዓ.ም. ክረምቱን በባሕር ዳር እንደ ወጉ ሸኝቼ፥ ጃንጥላዬን ጠቅልዬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ካቆምሁ በኋላ፥ ፋይሉ ተዘግቷል ብዬ በሙሉ ልብ በጥቅምት ወር ወደ እንግሊዝ አገር ተሳፈርሁ።

ያስጠራኝ የእኅቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፥ ቤት ገዝቻለሁና መጥተው ይመርቁልኝ» አለኝ በስልክ። በዚያ አገር ስላለው የቤት ዋጋ ከሰማሁት ወሬ ጋር አስተያይቼ፥ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ በምን ተአምር ቤት ገዛ ብዬ ብደነቅም፥ ደስታውን ላለማደፍረስ «አካባቢው እንዴት ነው?» ከማለት በቀር አልመረመርሁትም። «ለውኃ በጣም ቅርብ ነው» አለኝ። የጣና ልጅ ነኝና ይህ መልስ ልቤን አሳረፈው፤ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ስንዝሩን መጠየቅ ይገባኝ ነበር።

ከለንደን ኢዩስተን ጣቢያ ተነሥተን በርካምስቴድ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወረድን። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1066 የእንግሊዝ መኳንንት ለኖርማንዲው ዊልያም እጃቸውን የሰጡት በዚህች ስፍራ እንደ ሆነ፥ የፈረሰውም ግንብ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ እንደሚታይ ልጁ በትሕትና እያስረዳኝ፥ ካፊያው እያካፋብን ጥቂት እርምጃ ከወሰደኝ በኋላ፥ ከባቡር ተፈልቅቆ ቦይ ውስጥ የወደቀ ፉርጎ ከሚመስል ረጅም አረንጓዴ ብረት አጠገብ ቆሞ «ይኸው፥ ቤቴ» አለኝ። እነዚያ መኳንንት እጃቸውን ሲሰጡ የተሰማቸው ስሜት ምን ዐይነት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፈረንጆቹ «ናሮውቦት» ይሉታል፤ ጠባብ ጀልባ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ሐሰትን የሚጠየፍ ነበር። ርዝመቱ 57 ጫማ፥ ከ17 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ወርዱ ግን ሁለት ሜትር ከስምንት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚህም ላይ የግድግዳው ውፍረት ተቀናሽ ይሆናል። መርቁልኝ ተብዬ መጥቻለሁና እጆቼን ለምርቃት ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ በአንድ ጊዜ ነካሁ። ሳሎን፥ ማድ ቤት፥ መታጠቢያና መኝታ እንደ ቆሎ ተማሪ ቅኔ ተቀባይ በአንድ መስመር ተሰልፈው ይገኛሉ። በአገራችን በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ «ይለፉ»፥ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» መባባል የጨዋነት ምልክት ነው፤ በዚህ ቤት ግን ጨዋነት ሳይሆን የአናጢ ሥራ ያስገደደው ግዴታ ነው፤ ልጁ ከመኝታው ወደ ምድጃው ሊያልፍ ሲፈልግ እኔ ወይ እቀመጣለሁ፥ ወይ ወደ ኋላዬ እየተራመድሁ እስከ ማድ ቤት ሸኝቼው እመለሳለሁ።

ይህ ጥበት ግን አባት ያለው ጥበት ነው። የብሪጅዋተር መስፍን ከወርስሊ የማዕድን ጕድጓዱ ወደ ማንቸስተር የድንጋይ ከሰል የሚያጓጕዝበትን፥ በ1761 ሲከፈትም የከሰሉን ዋጋ በግማሽ ያወረደውን ቦይ የሠራው ጀምስ ብሪንድሊ የተባለው መሐንዲስ፥ ኋላ በመካከለኛው እንግሊዝ ባስቈፈራቸው ቦዮች ላይ የውኃ መውጫና መውረጃ ደረጃዎቹን፥ ሎክ የሚሏቸውን ማለቴ ነው፥ ሰባት ጫማ ያህል ወርድ ብቻ ሰጥቶ አሠራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጀልባው ሁሉ በዚያ ልክ ተሰፋ። ብሪንድሊ ማንበብና መጻፍ እጅግም ያልሆነለት ሰው ነበር፤ ነገር ሲጠጥርበትም አልጋው ላይ ወጥቶ እስኪፈታለት ድረስ እየተኛ ያስብ ነበር ይባላል። (እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ዘዴ በመሥሪያ ቤት ሞክሬው ነበር፤ የተፈታልኝ ነገር የለም፥ ከደመወዜ ግን ተቈርጧል።) እኛ የቆምንበት ቦይ ከለንደን እስከ በርሚንግሃም 137 ማይል ይሄዳል፥ 166 ሎክም አለበት። ውኃው ወደ መሬት እንዳይሰርግ ያደረገው ምን ረቂቅ ጥበብ እንደ ሆነ ብጠይቅ፥ ጭቃ ነው ተባልሁ፤ ሸክላ አፈር ከውኃ ጋር ሲታሽ፥ አንዳንድ ጊዜም ከብት ተነድቶበት ሲረገጥ፥ ውኃ የማያሳልፍ ይሆናል። የጭቃ ቤት ሲሠራ እስከ ጕልበቱ ገብቶ ያልረገጠ የጎጃም ልጅ የለምና፥ የእንግሊዝ የፋብሪካ ዘመን በጭቃ ረገጣ ላይ መመሥረቱን በሰማሁ ጊዜ በሙያ የተዛመድን መሰለኝ፤ ጭድ አለመጨመራቸውን ብቻ ታዘብሁ።

አሁን ወደ ዝናቡ ልግባ፤ እርሱ እንደ ሆነ ሳይጠራ ገብቷል።

ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ለንደን 600 ያህል። ቍጥሩን ብቻ ያየ ሰው እንግሊዝን ደረቅ አገር ሊላት ይችላል። ነገር ግን የኛ ዝናብ ጨዋ ባለዕዳ ነው፤ ነጎድጓዱን መልእክተኛ አድርጎ አስቀድሞ ይመጣል፥ ያለበትን በአንድ ጊዜ ዘርግፎ ይከፍላል፥ ማታውን ሰማይ ይጠራል። የእንግሊዝ ዝናብ ደግሞ ዕዳውን በሳንቲም በሳንቲም የሚከፍል፥ ከደጅ የማይጠፋ፥ ይቅርብህ ቢሉትም የማይሰማ ዐይነት ነው። ይባስ ብሎ የእኔ አመጣጥ ከተራ ዘመን ጋር አልገጠመም፤ ኋላ እንደ ተረዳሁት፥ በነሱ አቈጣጠር ከኦክቶበር 2022 እስከ ማርች 2024 በነበሩት 18 ወራት በእንግሊዝ የዘነበው ዝናብ፥ መዝገቡ ከሚጀምርበት ከ1836 ወዲህ በማናቸውም 18 ተከታታይ ወራት ያልታየ ነበር። ዝናቡን ይቅር አላልሁትም፤ መዝገቡን ግን አከበርሁ። ደግሞም በዚሁ አቈጣጠር ከ2015 ጀምሮ ማዕበሉን ሁሉ በፊደል ተራ ስም ያወጡለታል፤ እኔ ሳለሁ ባቤት መጣች፥ ኪራን ተከተለ፥ ሌሎችም አለፉ። የክርስትና አባቶቹ እነማን ናቸው ብዬ ብጠይቅ፥ የእንግሊዝ፥ የአየርላንድና የሆላንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶች ናቸው ተባልሁ። ስም ያለው ዝናብ ስም ከሌለው ይልቅ ያሳፍራል፤ ኮቴን ያበሰበሰው ማን እንደ ሆነ እያወቅሁ ክስ መመሥረት አልቻልሁምና።

ከጣሪያው በላይ የሚዘንበውስ አይከፋም፤ ጣሪያው ብረት ነው፥ ድምፁም ከቆርቆሮ ቤት ለመጣ ሰው እንደ እናት እሹሩሩ ነው። የሚከፋው በውስጥ የሚዘንበው ነው። የሁለት ሰዎች ትንፋሽ፥ የሽሮው እንፋሎት፥ ከምድጃው አጠገብ የተሰቀለው እርጥብ ካፖርት፥ ይህ ሁሉ ተነሥቶ ከቀዝቃዛው መስኮት ሲጋጠም ወደ ውኃነት ይመለሳል፤ መስኮቱ ያልበዋል፥ ላቡም ይወርዳል። አንድ ሌሊት ግንባሬ ላይ ጠብ ያለው ጠብታ ከእንቅልፌ ሲያባንነኝ፥ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ልጁን ብጠራው፥ መብራቱን አብርቶ አየና «ጋሼ፥ ይህ እኮ እርስዎ ራስዎ ማታ የተነፈሱት ነው» አለኝ። ሰው ላቡን ይጠጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በትንፋሹ ሲጠመቅ ግን የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። መድኀኒቱን ብጠይቅ፥ የከሰሉን ምድጃ ቀንና ሌሊት ማንደድ፥ መስኮቱንም ከፍቶ መተው ነው አለኝ፤ ይኸውም በአንድ በኩል ገንዘብን ማቃጠል፥ በሌላው በኩል ሙቀቱን ለዳክዬዎቹ መመጽወት ነው።

እንግዲህ ከታች ቦይ፥ ከላይ ዝናብ፥ ከውስጥ ላብ ሆኖ ሳለ፥ አንድ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ቧንቧውን ብከፍተው ተንፍሶ ዝም አለ። ውኃ አልቋል! ለካስ የሚጠጣው ውኃ በጀልባው አፍንጫ ውስጥ ካለ በርሜል ነው የሚመጣው፤ በርሜሉ ሲነጥፍ ደግሞ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ውኃ ይወርዳል እንጂ ውኃ ወደ ቤቱ አይመጣም። በአገራችን እንስራ ተሸክማ ወንዝ የምትወርድ ልጃገረድ አውቃለሁ፤ ማድ ቤቷን፥ አልጋዋንና አጎቷን ጭና የምትወርድ ግን አላየሁም። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት አራት ማይል ነው፤ ይህም ስድስት ኪሎ ሜትር ከግማሽ እንኳ አይሞላም፥ በቦዩ ዳር ውሻቸውን የሚያናፍሱ ሽማግሌዎች ደኅና ዋላችሁ እያሉ ቀድመውን ያልፋሉ። ነጂው የሚቆመው ከኋላ፥ ከደጅ፥ ከዝናቡ በታች ነው። የእኅቴ ልጅ ሲበሰብስ ውስጥ ሆኜ እሳት መሞቁ ሕሊናዬን ስለ ወቀሰኝ፥ ከገበያ የገዛሁትን ጥቍር ጃንጥላ ዘርግቼ፥ ለታቦት ጥላ እንደሚይዝ ዲያቆን ከጀርባው ቆሜ ጥቂት ተጓዝን፤ ወዲያው ግን ዝቅ ያለ የጡብ ድልድይ መጣና፥ እኔ ጐንበስ ስል ጃንጥላው ሳይጐነበስ ቀረ።

ስለ መጸዳጃ ቤቱ መናገር ለወግ ጸሐፊ ይከብዳል፤ ሆኖም የሆነውን መደበቅ የመዝገብ ቤት ሰው ጠባይ አይደለም። በመጣሁ በአምስተኛው ቀን ልጁ ወደ ሥራ ሊሄድ ሲነሣ «ጋሼ፥ ካሴቱ ሞልቷልና ጠዋት ስመለስ እናወጣዋለን» አለኝ። ወጣት ሳለሁ ከአልጋዬ ሥር ሦስት ካርቶን ካሴት የነበረኝ ሰው ነኝ፤ ልጁ የአገሩን ዘፈን ይህን ያህል ይወዳል ብዬ ልቤ ተነካ። «እስኪ አሁን ክፈትና ትንሽ እንስማ» አልሁት። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ካሴት የተባለው ከመቀመጫው ሥር ተስቦ የሚወጣ፥ ክዳንና እጀታ ያለው ዕቃ መሆኑን፥ ተሸክመውም ወስደው ከተወሰነለት ስፍራ እንደሚደፉት በብዙ ትሕትና ገለጠልኝ። በዝናብ ውስጥ፥ በሚያንሸራትት ጭቃ ላይ፥ የሞላ ካሴት ይዞ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ፥ ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግምት ለማስተካከል ከስግደት ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ሌላው ያስቸገረኝ የምሥራቅ ጕዳይ ነው። ቋሚ ማሠሪያ የሌለው ጀልባ በነሱ አቈጣጠር በ1995 በወጣው ሕግ በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ ታዟል። አድራሻ የሌለው ቤት በየትኛው ፋይል ይቀመጣል የሚለውን የሙያ ጥያቄ ለጊዜው ልተወውና (በ1877 ቤተሰብ የሚኖርባቸው የቦይ ጀልባዎች እንዲመዘገቡ ሕግ መውጣቱን ስሰማ ያን የደነገገውን ፓርላማ በልቤ አመስግኜዋለሁ፤ ያን ጊዜ አባት፥ እናትና ልጆች ከሦስት ሜትር በማይበልጥ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር)፥ እኔን ያናወጠኝ ጸሎት ነው። ውዳሴ ማርያሜን ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ካልደገምሁ ቀኑ ቀን አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምሥራቅ በሻይ ጀበናው በኩል ነበር፤ ተነሥተን ሌላ ስፍራ ስንታሠር ወደ ልብስ መስቀያው ሄደ፤ ቦዩ በተጠመዘዘ ቍጥር ምሥራቅም አብሮ ይዞራል። ፀሐይ አይቼ እንዳልለይ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ ልጁ ስልኩ ላይ አቅጣጫ የሚያሳይ ነገር አገኘልኝ፤ ብረት ቤት ውስጥ ስለ ሆንን ግን መርፌው እየዋለለ፥ አንድ ቀን ተመሥጬ ከደገምሁ በኋላ ፊቴን ሰጥቼ የኖርሁት ለመጸዳጃ ቤቱ በር እንደ ነበረ ተረዳሁ።

የቡናውን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ቡና ሲቈላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፥ ዕጣን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከጎናችን የታሠረችው ጀልባ እመቤት፥ ዕድሜያቸው ከእኔ የማያንስ ባልቴት፥ መጀመሪያ ቀን ባልዲ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ በሁለተኛው ቀን ባልዲውን ትተው ስኒ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያው ለርሳቸው የቡና ጥሪ ሆነ። ብዙ ነገር ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ዝናቡ በበረታ ጊዜ ቦዩ ሞልቶ ይወስደናል ብዬ ስሠጋ፥ ትርፉ ውኃ በየሎኩ ጎን ባለው ማፍሰሻ እንደሚወርድ፥ ከፍ ቢል ስንዝር ያህል እንደ ሆነ፥ ይልቁንስ መፍራት ያለብኝ ዝናብ የጠፋ ጊዜ መሆኑን ነገሩኝ፤ በዚህ ቦይ ላይ አንድ ሎክ በተከፈተ ቍጥር 200 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ወደ ቍልቍለቱ ይሄዳልና፥ ለዚሁ ሲባል በትሪንግ ኮረብታ ላይ የዝናብ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተሠርተዋል። ስለዚህ ዝናቡን ማማት ደመወዝ ከፋይን እንደ ማማት ነው። እርሳቸውም አያሙትም፤ ሰማይ ተቀድዶ ሲወርድ ብቅ ብለው «ዛሬ ትንሽ ርጥብ ብሏል» ይላሉ። ጀልባ ላይ መሆኔን የሰማ ዘመድ ሁሉ በስልክ ኖኅን ያነሣብኛል፤ እኔ ግን ከኖኅ ይልቅ የማስበው ስለ ባለቤቱ ነው፤ በእነዚያ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የስምንት ሰው ልብስ አጥባ የት አሰጣችው? መጽሐፍ ዝም ያለው ለእርሷ አዝኖ መሆን አለበት።

በታኅሣሥ ወር፥ በነቢያት ጾም ውስጥ፥ ከትሪንግ ጣቢያ አጠገብ ታሥረን ሳለን ሄንክ የተባለው ማዕበል ደረሰ። ልጁ ማታ ወደ ሥራው ሲሄድ በጭቃው ላይ የተተከሉትን ሁለት ካስማዎች በመዶሻ መትቶ፥ «ጋሼ፥ ምንም አያስቡ፤ የትም አንሄድም» ብሎኝ ወጣ። ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ጀልባዋን ሲያወዛውዛት እንቅልፌ ከምንጊዜውም ይልቅ ጣፈጠኝ። ማለዳ ተነሥቼ መስኮቱን ብከፍት ሣርና ጭቃ በነበረበት ስፍራ ሁለት ዳክዬዎች ተንሳፍፈው ያዩኛል። ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ብሄድ እሾሃማ ቍጥቋጦ ውስጥ ተሰክታለች። ዝናቡ ያራሰው ጭቃ የፊተኛውን ካስማ እንደ ተቀቀለ ድንች ለቆት፥ የኋለኛው ብቻ ይዞ፥ ጀልባዋ በነፋሱ ተገፍታ ዞራ ከዳር እስከ ዳር ተጋድማለች፤ የእንግሊዝን መንግሥት ታላቅ የውኃ መንገድ እንደ በር መቀርቀሪያ ዘግቼዋለሁ። ጸሎቴን ማስቀደም ይገባኝ ነበር፤ ምሥራቅ ግን የት እንደ ደረሰ ማንም አያውቅም።

ባልቴቲቱ የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው ከዳር ቆመው ተመለከቱኝና «ትንሽ ዞር ብለዋል» አሉኝ። ከዚያም ውሻ የሚያናፍስ አንድ መንገደኛ ጠሩ፤ እርሱ ገመድ ወረወረልኝ፤ ጀልባዋ ወደ ዳር ስትጠጋ እኔም ዘልዬ ወረድሁ፥ ማለትም ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። ጭቃው ዳግመኛ ካስማ እንደማይዝ አይተው፥ ወደ ፊት፥ ከመታጠፊያው ማዶ፥ የቦዩ ጠርዝ በብረት የተገጠመበት ስፍራ እንዳለ ነገሩኝና፥ ከ15 ቶን የማታንሰውን ጀልባ ሦስት ሽማግሌዎች በገመድ መሳብ ጀመርን። ድሮ ይህን መንገድ ፈረስ ነበር የሚሄድበት። ውኃ ምን ያህል ቸር ተሸካሚ እንደ ሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ እንደ ተራራ እንቢ ብላ፥ በኋላ ግን ከተንቀሳቀሰች ወዲህ እንደ ለማዳ በሬ ተከተለችን። ከብረቱ ጠርዝ በሰንሰለት አሠርናት፤ ቡናም አፈላሁ፤ ማስጠንቀቂያው እንደ ልማዱ ጮኸ፥ ማንም አልተነሣለትም።

ሁለተኛውን ጀበና ስቀዳ ስልኩ ጠራ። የእኅቴ ልጅ ከሌሊት ሥራው ተመልሶ፥ እንጀራ በፌስታል ይዞ፥ ዝናብ የሞላባቸው ሁለት የካስማ ጕድጓዶች ፊት ቆሟል። ድምፁ በስልኩም፥ ከመታጠፊያው ወዲያ በነፋሱም መጣልኝ።

«ጋሼ! ቤቱ የለም! ቤቱ የት ሄደ?»

«አትጩህ፥ እንግዶች አሉ» አልሁት። «በሰዓት አራት ማይል እየሄደ የት ይደርሳል ብለህ ነው? ዝም ብለህ ወደ ፊት ተራመድ፥ ትደርስበታለህ።»